በወረቀት 8 ሴንቲ ሜትር፣ በመሬት ስንት ሜትር? ስለ ፕላን፣ ስለ ካርታና ስለ ሞዴል ስኬል የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም ከብቸና ወጣ ብላ ከምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው የምጽፈው። ያረጀውን ቤተ ክርስቲያናችንን አፍርሰን እንደገና ለመሥራት የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ እኔም የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ፕላኑ ላይ «ስኬል 1:100» ተብሎ ተጽፏል። ፎርማኑ በእጁ ባለው ኮፒ ላይ የክቡን ዲያሜትር በማስመሪያ ቢለካው 8 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ «ሕንፃው 8 ሜትር ነው» ይላል፤ በሥዕሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን 16.00 ነው። የትኛውን እንመን? ሁለተኛ፣ ከምንጩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ውኃ ለመሳብ አስበን በ1:50,000 ካርታ ላይ ብንለካ 3.4 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ በዚህ ልክ ቧንቧ መግዛት እንችላለን ወይ? ሦስተኛ፣ ለገቢ ማሰባሰቢያ የሚታይ ሞዴል ለማሠራት አስበናል፤ በምን ስኬል ቢሠራ ይሻላል?

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሦስቱም ጥያቄዎችዎ የሚነሡት ከአንድ ጉዳይ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለ ርዝመት በመሬት ላይ ካለው ርዝመት ጋር ያለው ዝምድና መቼ እንደሚጸናና እስከ ምን ድረስ ሊታመን እንደሚችል ማወቅ ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን ሥራው እንዳይበላሽ አንዱን ነገር በግልጽ ልናገር። የሚጸናው የተጻፈው 16.00 ነው። በ8 ሜትር ልክ መሠረት ማስቆፈር ተጀምሮ ከሆነ ዛሬውኑ ይቁም። 16 ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ 201 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ 8 ሜትር ያለው ግን 50 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ዲያሜትሩ በግማሽ ሲያንስ ስፋቱ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ቅኔ ማኅሌቱም ቅድስቱም መቅደሱም ሊኖራቸው ከሚገባው ቦታ ሦስት አራተኛውን ያጣሉ ማለት ነው።

ይህን ስል ፎርማኑን ለመውቀስ አይደለም። አለካኩም ስሌቱም ትክክል ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ነው። 1:100 ማለት በወረቀቱ ላይ ያለ ማንኛውም ርዝመት በመሬት ላይ መቶ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ሬሾው የራሱ መለኪያ ስለሌለው በሴንቲ ሜትር ቢለኩ መልሱ በሴንቲ ሜትር፣ በስንዝር ቢለኩም በስንዝር ይመጣል፤ 1 ሴንቲ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 1 ሜትር፣ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ዝምድና የሚጸናው ሥዕሉ መጀመሪያ በታሰበለት የወረቀት መጠን ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ወረቀቱ በፎቶ ኮፒ ሲያንስ ሥዕሉ አብሮ ያንሳል፤ «1:100» የሚለው ጽሑፍ ግን ፊደሉ ከማነሱ በቀር ቁጥሩ አይለወጥም። እናም ወረቀቱ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በራሱ ላይ የተሳሳተ ምስክርነት ይሰጣል።

በእናንተ ጉዳይ የሆነው ይህ እንደሆነ ከቁጥሮቹ ይታያል። የሕንፃ ሥዕል በብዛት በኤ1 ወረቀት ላይ ይዘጋጃል፤ ኤ1 ስፋቱ 594 በ841 ሚሊ ሜትር ነው። በሳይት የሚዞረው ኮፒ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኤ3 ነው፤ እርሱም 297 በ420 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱን ብናነጻጽር የኤ3 ጎኖች የኤ1 ጎኖች ግማሽ ናቸው። ስለዚህ በኤ1 ላይ 1:100 የነበረ ሥዕል በኤ3 ሲታተም 1:200 ይሆናል፤ 16 ሴንቲ ሜትር የነበረው ክብም 8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ይህንን ራስዎ ለማረጋገጥ በሥዕሉ ላይ ከተጻፉት ልኬቶች ረጅሙን ይምረጡ፤ ያንን መስመር በሚሊ ሜትር ይለኩና የተጻፈውን ልኬት ወደ ሚሊ ሜትር ለውጠው በለኩት ያካፍሉ። 16 ሜትር 16,000 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ80 ሲካፈል 200 ይሰጣል። በእጃችሁ ያለው ወረቀት እውነተኛ ስኬል ይህ 200 ነው። ሙከራውን በአግድምም በቁመትም ያድርጉት፤ አንዳንድ ማባዣ ማሽን በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይልቅ ጥቂት ይስባልና፣ በሁለቱ አቅጣጫ የሚገኘው ቁጥር ከተለያየ በዚያ ወረቀት ላይ ምንም ነገር በማስመሪያ ሊለካ አይገባም።

እንዲያውም ሥዕሉ በግማሽ ማነሱ በጀ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ግልጽ በመሆኑ እናንተም ተጠራጥራችሁ ጠየቃችሁ። የበለጠ የምፈራው ዓይን የማያየውን ማነስ ነው። ፒዲኤፍ ፋይል ሲታተም ፕሪንተሩ ለኅዳግ ቦታ ለመተው ሥዕሉን ከመቶ ሦስት ወይም አራት ያህል ሊያሳንሰው ይችላል፤ በኅትመት መስኮቱ ላይ «ፊት» (Fit፣ ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን) የሚለው ምርጫ ተይዞ «አክቹዋል ሳይዝ» (Actual size፣ በራሱ ልክ) የሚለው ሲዘለል የሚደርሰው ይህ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ 16 ሴንቲ ሜትር መሆን የነበረበት ክብ 15.4 ገደማ ሆኖ ይወጣል፤ ማንም ሰው ሲያየው ትክክል ይመስለዋል፤ በመሬት ላይ ግን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጎድላል። ከኤ1 ወደ ኤ2፣ ወይም ከኤ3 ወደ ኤ4 የወረደ ሥዕልም እንዲሁ አሳሳች ነው፤ 1:100 የነበረው 1:141 ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ስኬል ደግሞ በየትኛውም የስኬል ማስመሪያ ላይ የለም። በቴሌግራም የተላከና በስልክ ላይ የሚታይ ፕላን ደግሞ ጣት ባሰፋውና ባጠበበው ቁጥር ስኬሉ ስለሚለዋወጥ ለንባብ እንጂ ለልኬት አይሆንም።

ሙያው ለዚህ ሁለት መጠበቂያ አበጅቷል። የመጀመሪያው የተጻፈ ልኬት ከተለካ ልኬት ይቀድማል የሚለው የሥራ ደንብ ነው፤ በብዙ የግንባታ ሥዕሎች ላይ ከሥዕሉ እንዳይለካ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። የሚፈልጉት ልኬት በሥዕሉ ላይ ካልተጻፈ ማስመሪያ ከማንሣት ይልቅ ንድፉን የሠራውን ባለሙያ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይገባል። ሁለተኛው የመስመር ስኬል ነው፤ ማለትም በሥዕሉ ግርጌ የሚሠመረውና 0፣ 1፣ 2፣ 5፣ 10 ሜትር እየተባለ የሚከፋፈለው አሞሌ ነው። ይህ መስመር ከሥዕሉ ጋር አብሮ ስለሚያንስና አብሮ ስለሚያድግ ወረቀቱ ምንም ቢሆን እውነቱን ይናገራል። በእናንተ ፕላን ላይ እንዲህ ያለ አሞሌ ቢኖር ኖሮ ፎርማኑ 8 ሴንቲ ሜትሩን በአሞሌው ላይ አድርጎ 16 ሜትር ያነብ ነበር። የመስመር ስኬል የሌለበትን ሥዕል ኮሚቴው ባይቀበል ደስ ይለኛል።

አንድ ሕንፃ በአንድ ስኬል ብቻ ተሥሎ አያልቅም። ግቢው ሁሉ የሚታይበት ሳይት ፕላን በ1:500 ወይም በ1:200፣ የሕንፃው ፕላንና ሴክሽን (ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ቢቆረጥ ውስጡን የሚያሳየው ሥዕል) በ1:100 ወይም በ1:50፣ ደረጃና መስኮት በ1:20፣ መጋጠሚያዎች ደግሞ በ1:10 ወይም በ1:5 ይሠራሉ። እነዚህ ቁጥሮች በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም፤ ለቴክኒክ ሥዕል በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በአይሶ 5455፣ የሚመከሩት ማነሻዎች 1:2፣ 1:5፣ 1:10 እያሉ በዚያው ቅደም ተከተል ይቀጥላሉ፤ ለማተለቅም 2:1፣ 5:1፣ 10:1 ይላሉ። በ1:100 ላይ የ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ልስኑን፣ ኮርኒሱንና የቆርቆሮውን አጣጣፍ በዚያ ውስጥ ማሳየት አይቻልም።

ለዚህ የራሳችሁን ጉልላት በምሳሌነት ልውሰድ። የጉልላቱ ቁመት 1.5 ሜትር ነው ብንል በ1:100 ሥዕል ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በእርሱ ላይ የሚሰካው የሰጎን እንቁላል ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በዚያው ሥዕል ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ነጥብ ይመስላል፤ እንቁላሉ የሚሰካበት የብረት ዘንግ ከመስመሩ ውፍረት በታች ስለሚሆን ጨርሶ አይታይም። ብረት ሠሪው ከዚህ ተነሥቶ ቢሠራ የሚሠራው ከራሱ ግምት ነው። ጉልላቱ በ1:10 ሲሣል ግን 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኖረዋል፤ እንቁላሉም 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ 1 ሚሊ ሜትር ሆኖ በግልጽ ይሠመራል። ዝናብ በዘንጉ ሥር ወደ ጣሪያው እንዳይገባ የሚታጠፈው ቆርቆሮም እዚያው ይታያል። ጣሪያው የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለ ስፍራ ስለሆነ የጉልላቱንና የክፈፉን ዲቴይል በ1:10 ሳይቀበሉ የንድፍ ክፍያውን ባያጠናቅቁ ይሻላል።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበትን አንድ ነገር ላንሣ። ትልቅ ስኬል የሚባለው 1:100 ነው፤ 1:50,000 ትንሽ ስኬል ነው። አንድ ለመቶ ከአንድ ለሃምሳ ሺህ የሚበልጥ ክፍልፋይ ነውና፣ ስኬል በተለቀ ቁጥር ነገሩ ጎልቶ ይታያል፤ ወረቀቱ የሚይዘው ቦታ ግን ይጠብባል። ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1:2,000,000 የአገር ካርታ ላይ ርዝመቱ 4.2 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመዳፍ ይሸፈናል፤ በ1:250,000 ላይ 33.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ1:50,000 ግን 168 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን በአንድ ወረቀት አይገባም። የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ያዘጋጃቸው የ1:50,000 ካርታዎች እያንዳንዳቸው በኬንትሮስም በኬክሮስም 15 ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ ሩብ) የሚሸፍኑ ሲሆኑ፣ ይህም በእኛ አካባቢ በየአቅጣጫው 27 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ በወረቀቱ ላይ 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል።

አሁን ወደ ምንጩ እንሂድ። በ1:50,000 ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ስለሆነ 3.4 ሴንቲ ሜትር 1,700 ሜትር ይሆናል፤ ስሌቱ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ይህን ቁጥር ይዞ ወደ ቧንቧ ሻጭ ከመሄድ በፊት ሦስት ነገሮች ሊታዩ ይገባል።

የመጀመሪያው የካርታው የልኬት ወሰን ነው። በወረቀት ላይ ሰው በእርሳስና በማስመሪያ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በተሻለ ጥራት አንድን ነጥብ ማስቀመጥ ይከብደዋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር በ1:100 ፕላን ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ1:2,000 የይዞታ ካርታ ላይ 1 ሜትር ነው፤ በ1:50,000 ላይ 25 ሜትር ነው። ስለዚህ የእናንተ 1,700 ሜትር ከመነሻውም ከመድረሻውም በኩል ይህን ያህል ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። በዚህ ላይ ካርታ ነገሮችን ሁሉ በልካቸው አያሳይም። 7 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በ1:50,000 በልኩ ቢሠመር 0.14 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን አይታይም፤ ስለዚህ ሆን ተብሎ በወፍራም ምልክት ይሣላል፤ ከአጠገቡ ያሉት ቤቶችም ቦታ ለመልቀቅ ትንሽ ይገፋሉ። በባሕር ዳር በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ይህን የመሰለ ግዙፍ ሥራ እንኳ በ1:50,000 ርዝመቱ 7.6 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱም ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። የምንጭ ምልክትም እንዲሁ ነው፤ ከእውነተኛው ምንጭ እጅግ የተለቀ ምልክት ስለሆነ ከምልክቱ ጠርዝ ሳይሆን ከመካከሉ መለካት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። 3.4 ሴንቲ ሜትሩን የለካችሁት በቀጥታ መስመር ከሆነ ቧንቧው በዚያ አይሄድም፤ ቦረቦሩን ይዞራል፤ የሰው ማሳ ላለመቁረጥ ዳር ዳሩን ይከተላል። ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት በሌላ ነገር ነው፤ ካርታ የሚያሳየው አግድሙን ርቀት ስለሆነ ዳገቱ ርዝመቱን በብዙ ይጨምራል ብለው ይፈራሉ። እስኪ እናስላው። ምንጩ ከቤተ ክርስቲያኑ በ40 ሜትር ከፍ ይላል ብንልና አግድሙ 1,700 ሜትር ቢሆን፣ ተዳፋቱን ተከትሎ የሚለካው ርዝመት 1,700.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ጭማሪው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። በመቶ ሜትር አግድም 45 ሜትር በሚወርድ ገደላማ ስፍራ እንኳ ጭማሪው ከመቶ አሥር አይሞላም። ጠመዝማዛው መንገድ ግን በቀላሉ ከመቶ ሃያና ሠላሳ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ቧንቧው በሚያልፍበት መስመር ላይ ክር በካርታው እያስተኙ መለካት፣ ከዚያም ግዢው ከመፈጸሙ በፊት በሜትር ወይም በጂፒኤስ በእግር ሄዶ ማረጋገጥ ግድ ነው።

ስኬሉ ባነሰ ቁጥር ካርታው ጥቃቅን ጥምዝምዞችን እያቀና ይሄዳል። ጎጃምን እንደ መቀነት የከበበውን ዓባይን በ1:2,000,000 ካርታ ላይ በክር ብትለኩትና በ1:50,000 ካርታዎች ላይ ደግሞ ብትለኩት ሁለተኛው ርዝመት ይበልጣል፤ ወንዙ አንድ ነው፤ ትልቁ ስኬል የማይተዋቸውን እጥፋቶች ትንሹ ስኬል ስለሚተዋቸው ነው።

ሦስተኛውና ለእናንተ ከሁሉ የሚበልጠው ከፍታ ነው። ውኃው ያለ ፓምፕ እንዲደርስ ምንጩ ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ማለት አለበት። በ1:50,000 ካርታዎቻችን ላይ በተለምዶ አንዱ የከፍታ መስመር ከሌላው በ20 ሜትር ይለያል፤ የናንተን ካርታ ልዩነት በግርጌው ጽሑፍ ላይ ያረጋግጡ። ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ እርከን (በሁለት ተከታታይ የከፍታ መስመሮች መካከል ባለ ቦታ) ውስጥ ቢሆንና ምንጩ ከእርሱ ሁለት እርከን ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ የሁለቱ የከፍታ ልዩነት 40 ሜትር ነው ብሎ መናገር አይቻልም፤ ከ20 የሚበልጥና ከ60 የሚያንስ ነው ማለት ብቻ ይቻላል፤ መስመሮቹ ራሳቸውም ጥቂት ስሕተት አላቸው። ልዩነቱ አንድ እርከን ብቻ ከሆነ ደግሞ ውኃው ይደርሳል አይደርስም የሚለውን ከካርታው ማወቅ አይቻልም። የስልክ ጂፒኤስም በከፍታ ላይ ከአግድሙ የባሰ ስሕተት ስላለው አይታመንም። የወረዳው የውኃ ባለሙያ ወይም ቀያሽ ሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ይዞ ሄዶ ይለካ። ይህ ሳይደረግ አንድ ሜትር ቧንቧ እንኳ እንዳይገዛ አጥብቄ እመክራለሁ።

ይህን ካነሣሁ ዘንድ በየቀበሌው የድንበር ክርክር እየሆነ የሚመጣውን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ስኬል በርዝመት ላይ አንድ ጊዜ ሲሠራ በስፋት ላይ ሁለት ጊዜ ይሠራል። በ1:2,000 ካርታ ላይ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር 400 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በተለምዶ ሩብ ሄክታር ተብሎ የሚታሰበው አንድ ጥማድ 6.25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም በግልጽ ይታያል፤ ሊለካም ይችላል። በ1:50,000 ላይ ግን 1 ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ስለሆነ ያው ጥማድ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በላዩ የሚያልፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ መስመር የጥማዱን ግማሽ ይሸፍነዋል። እንዲህ ባለ ካርታ የማንንም ድንበር መወሰን አይቻልም። በ1:2,000 የይዞታ ካርታም ቢሆን ከአንድ ሜትር በታች ለሆነ ጠብ ወረቀቱን በማስመሪያ መለካት መፍትሔ አይሰጥም፤ የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት (የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ የሚያመለክቱ ቁጥሮች) ከመዝገቡ ወጥቶ በመሬቱ ላይ በመሣሪያ መተከል ይኖርበታል፤ የአዋሳኞች ምስክርነትም ከዚያው ጋር ይታያል።

ስለ ሞዴሉ ደግሞ ስኬሉን ከመምረጥ በፊት ሰው ምን እንዲያይበት እንደምትፈልጉ ወስኑ። ሕንፃው ብቻ እንዲታይ ከሆነ 1:50 ያማረ ነው፤ 16 ሜትሩ ክብ 32 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 2.20 ሜትር ቁመት ያለው በር 4.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳም 1 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ይወጣዋል። ግቢው፣ ደጀ ሰላሙና ዛፎቹ አብረው እንዲታዩ ከሆነ ግን ችግር ይመጣል። ግቢው 80 በ60 ሜትር ነው ብንል በ1:50 ሞዴሉ 160 በ120 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን በበር አያልፍም፤ ከከተማ ወደ ከተማም ለማዞር አይመችም። በ1:200 ቢሠራ 40 በ30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በክንድ ይታቀፋል፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ከሩቅ ለሚያይ ምእመን ትንሽ ይሆንበታል። ለእናንተ የምመርጠው 1:100 ነው። ሰሌዳው 80 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ሕንፃው 16 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከፕላኑ ጋርም ስኬሉ አንድ ስለሚሆን ሠሪው ከትክክለኛው የኤ1 ኅትመት ላይ በቀጥታ እየለካ መቁረጥ ይችላል። በሞዴሉ ላይ 1.7 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ጥቂት የሰው ምስሎች ይቁሙበት፤ ያለ ሰው ምስል የሕንፃውን ግዝፈት ተመልካቹ ሊገምት አይችልም።

በሞዴል ላይ የሚሠራ ሌላ ስሕተት ቁሳቁሱን በስኬል ለማድረግ መሞከር ነው። ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ቆርቆሮ በ1:100 ሦስት ሺኛ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም፤ ስለዚህ ጣሪያው በስስ ካርቶን ይወከላል። ውጫዊው መጠን፣ የጣሪያው ተዳፋትና የመስኮቶቹ አቀማመጥ በልክ ይሁኑ፤ ውፍረቱ ግን ይተው።

የትምህርት ቤት ልጆችና መምህራን የመሬት ገጽታ ሞዴል ሲሠሩ ደግሞ ሁለት ስኬል መጠቀም ያስፈልጋቸዋል። ጮቄ ወደ 4,100 ሜትር ከፍ ይላል፤ ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ልዩነቱ 1,650 ሜትር ያህል ነው። 60 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን አካባቢ በ1:100,000 በ60 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ላይ ብናደርገው ያ ሁሉ ከፍታ 1.65 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ያየ ሰውም ተራራ ነው አይልም። ስለዚህ የቁመቱ ስኬል 1:25,000 ቢሆን ከፍታው በአራት እጥፍ ጎልቶ 6.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በየ100 ሜትሩ የሚቆረጠው የካርቶን ድርብም 4 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ለሥራ ይመቻል። ይህ የተለመደና የተፈቀደ አሠራር ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ስኬሎች በሰሌዳው ላይ ካልተጻፉ ሞዴሉ ልጆቹን የተሳሳተ ተዳፋት ያስተምራቸዋል። የመንገድ መሐንዲሶችም የመንገድን ቁመታዊ ሥዕል ሲሠሩ አግድሙን በ1:2,000፣ ቁመቱን በ1:200 ስለሚያደርጉት ከመቶ ስድስት የሆነ ዳገት በወረቀቱ ላይ ከመቶ ስድሳ መስሎ ይታያል። የደጀንን ቁልቁለት በእንዲህ ያለ ሥዕል ላይ ያየ ሰው መኪና ሊወጣው የማይችል ግድግዳ ይመስለዋል። የእናንተ ግቢ ግን በ80 ሜትር ውስጥ 4 ሜትር ቢያዘቀዝቅ በ1:100 4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በደንብ ስለሚታይ ቁመቱን ማጋነን አያስፈልገውም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በኮሚቴ ስብሰባ ላይ «ሞዴሉ ሲነካ አልተነቃነቀም፤ እንግዲህ ሕንፃውም ጠንካራ ነው» የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል። ይህ አይሆንም። ርዝመት በመቶ ሲያድግ የግድግዳውና የምሰሶው ስፋት በ10,000፣ ክብደቱ ግን በ1,000,000 ያድጋል። ስለዚህ ከዚያው ቁሳቁስ ቢሠራ እንኳ በእውነተኛው ሕንፃ ምሰሶ ላይ በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ የሚያርፈው የራሱ ክብደት በሞዴሉ ላይ ካለው መቶ እጥፍ ነው። የምሰሶው መጠንና የፌሮው ብዛት የሚወሰነው በመሐንዲሱ ስሌት ብቻ ነው። ውኃን የሚፈትኑ መሐንዲሶችም ለግድብ ማስተንፈሻ ሞዴል ሲሠሩ ይህን በልዩ ስሌት ይጠብቁታል፤ በ1:25 ሞዴል ላይ የውኃው ፍጥነት አምስት ጊዜ ያንሳል፤ በሰከንድ የሚፈሰው መጠን ደግሞ 3,125 ጊዜ ያንሳል እንጂ 25 ጊዜ ብቻ አያንስም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የፕላኑን ባለሙያ የሚከተለውን ይጠይቁት፦ ሥዕሉ በኤ1 ወረቀት ሳይጠብብ እንደገና ይታተም፤ በየወረቀቱ የመስመር ስኬል ይግባበት፤ «1:100» ከሚለው አጠገብ «በኤ1» የሚል ይጨመርበት፤ ለሳይት ሥራ ደግሞ የመሠረቱ ፕላን በ1:50 ይዘጋጅ። ለፎርማኑ ኤ3 ኮፒ መስጠት ግድ ከሆነ ከፊቱ በቀይ «1:200» ተብሎ ይጻፍበት። መሠረቱ ሲቀየስ በግቢው መካከል ችካል ተተክሎ፣ ከችካሉ በ8 ሜትር ገመድ ክቡ ይዙር፤ 8 ሜትር የክቡ ግማሽ ዲያሜትር ነው። ክቡ ተዞሮ ካለቀ በኋላም ከዳር እስከ ዳር በሜትር በሁለት አቅጣጫ ተለክቶ 16 ሜትር መሆኑን ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ያስፍር፤ ቁፋሮውም ከዚያ በኋላ ይጀመር።